ሸለቆ ለሸለቆ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ጋይንት ውስጥ ከቤተ ልሔም ደብር በታች በነበረው ቤታችን ማታ ማታ ተረት የምታወራልን የአባቴ እኅት እታለም ጥሩወርቅ ነበረች። ኩራዙ እየጨሰ፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሽፍታ ሸመቀ፤ ሽማግሌው ሸማውን ሸክፎ ሸለቆ ለሸለቆ ሸሸ» ስትል፣ አፉን በቅጡ ያልፈታው ታናሽ ወንድሜ ዓለሙ ሽማግሌው ሸለቆውን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እኔ ያኔ ፊደል ስለቆጠርኩ «ሸ»ዎቹን በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አላውቅም።

አንድ ክረምት ዓለሙን ኩፍኝ ያዘው። እታለም ለልቅሶ እስቴ ሄዳለች። ልጁ ሲያለቅስ ውሎ ድምፁ ሰልሏል። እናቴ አቅፋው፣ «ትንሽ እንኳ ቢተኛልኝ ይተርፍ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ተማሪው፣ የአክስትህን ተረት አታውቀውም?» አለችኝ።

አውቀዋለሁ አልኩ። እንዲያውም አሳምሬ ነገርኩት፦ «ወንበዴ አደፈጠ፤ ሰውዬው ጋቢውን ጠቅልሎ በገደል በገደል አመለጠ።» ዓለሙ ጮኸ። ደገምኩለት፤ ባሰበት። ግራ ገባኝ። ወንበዴውም አለ፣ ገደሉም አለ፤ ታዲያ ምን ጎደለ?

«እሷ እንዲህ ነው የምትለው?» አለች እናቴ።

«ነገሩ ያው ነው።»

«ያው ከሆነማ ይተኛ ነበር።»

ደንግጬ የእታለምን ቃላት ስፈልግ ተምታቱብኝ፤ እንደመጡልኝ ለቀቅኳቸው፦ «ሸለቆው ሽፍታውን ሸክፎ፣ ሸማው ሸሸ፣ ሽማግሌው ሸመቀ…»

«ምን ትቀባጥራለህ? ሸማ በምን እግሩ ይሸሻል?» አለች እናቴ። ወዲያው ግን የልጁን ፊት አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀጥል። ሸማውንም አሽሸው።»

እስኪደክመኝ አሸሸሁት። ዓለሙ ተኛ፤ ሲነጋ ትኩሳቱ በርዶለት በእጁ ወደ ውሃው ቅል አመለከተ።

እታለም ስትመለስ የትኛው ቃል እንዳስተኛው ጠየቅኳት። «እኔ ምኑን አውቄ? እናቴም እንዲያ ነበር የምትለው» አለችኝ።

ኋላ በእህል ንግድ ራሴን ቻልኩ፤ ገለባ ቀላቅሎ የሸጠልኝ ሰው የለም። የዚያን ማታ ግን እኔው ለታመመ ልጅ የነገሩን ፍሬ ባቀርብለት እምቢ አለኝ፣ ገለባውን ስሰጠው ጠገበ። የቱ ፍሬ፣ የቱ ገለባ እንደነበረ ይኸው እስከ ዛሬ እመዝነዋለሁ፤ ሚዛኑ አልረጋልኝም።