ከእማ ዘይነባ ግድግዳ የወጣችው አረንጓዴ ተርብ

ልጄ የእማ ዘይነባን ግድግዳ ሲያፈርስ እኔ በርጩማዬን አውጥቼ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። እንዲያፈርሰው ራሴ ነኝ የፈቀድኩለት፤ በጭቃና በጭድ የቆመ ግድግዳ ምስጥ ከበላው ወዲያ ምን ይደረጋል፣ ብሎኬቱም ተደርድሮ እየጠበቀ ነው። ይሁን እንጂ አቧራው እንዳይነሣ ብለው ውሃ ሲረጩበት፣ ያ የከረመ ጭቃ ውሃውን ጠጥቶ ሽታውን ለቀቀው፤ ዝናብ ዘግይቶ ሲመጣ ጎሊና ወንዝ ዳር የሚሸተው ዓይነት ሽታ ነው፣ የቆቦ ሰው ያውቀዋል፤ እኔም በርጩማዬን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረግኩ። በዚሁ መሐል ከማገሩ ላይ ቡጢ የምታህል የጭቃ ጉብታ ወድቃ እየተንከባለለች እግሬ ሥር መጣች። የተርብ ቤት ናት።

ከእኔ ቀድማ ያነሣቻት የልጅ ልጄ ሰላም ናት። ሰላም የተማረችው ስለ ነፍሳት ነው፤ ሥራዋም የማሽላውን አገዳ የሚቦረቡረውን ትል የሚገድሉ፣ ከአቧራ የማይተልቁ ተርቦችን በብልቃጥ ማርባት ነው። “ወዳጆቻችን ናቸው አባባ፣ እንቁላላቸውን ትሉ ሆድ ውስጥ ይጥላሉ፣ ልጆቻቸው ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ” ብላ ነግራኛለች። ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚበላ ወዳጅ እንዴት ያለ እንደሆነ ሳስበው ውዬ ባይገባኝም፣ ማሽላችን ደህና ነውና እሺ ብያለሁ። የባሰው ግራ የገባኝ አከፋፈላቸው ነው። ንቡም፣ ጉንዳኑም፣ ተርቡም ባንድ ወገን ይቆጠራሉ አለችኝ። ሁለት ተርቦች ቁርጥ አንድ ሆነው በክንፋቸው ላይ ባለው ሥር ብቻ ዘራቸው ይለያያል፤ ሌሎቹ ደግሞ ጭራሽ ሳይመሳሰሉ ቤተሰብ ናቸው። እኛ ልጆች ሳለን የነበረን አከፋፈል ይህን ሁሉ አይፈልግም ነበር፤ ነካሽ፣ ዛቻ ብቻ፣ ጅራተ ረጅም፣ ጭቃ ሠሪ እንላለን፣ ያንንም የተማርነው ባበጠ ጆሯችን ነው።

ጭቃ ሠሪዋን ያሳወቀችኝ እማ ዘይነባ ናት። እማ ዘይነባ አልወለደችኝም። አባቴ ከደጋ ወርዶ የሰው መሬት በእኩል ሊያርስ የመጣ ሰው ነበር፤ እሱንም እናቴንም በአንድ መኸር ወባ ወሰዳቸውና እኔ ጡት ሳልጥል ጎረቤት እጅ ቀረሁ። ጎረቤቲቱ እሷ ነበረች። የራሷን ወንድ ልጅ ባንድ ጡት፣ እኔን ባንድ ጡት አድርጋ ያዘችን። ዓመት ሳይሞላ የእሷ ልጅ ሞተ፤ እኔ ተረፍኩ። እሷ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ግን እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

እናቴ ያሰረችልኝን ማተብ ከአንገቴ አልፈታችውም። ክሩ ሲያልቅ ጥጥ ትፈትላለች፣ በመዳፏ ትገምደዋለች፣ ከዚያ “ቢስሚላህ” ትልና ታስርልኛለች። በዒድ ቀን ያረደችውን አታቀምሰኝም፤ “የእናትህን አደራ አላበላሽም” ብላ ከክርስቲያን ጎረቤት በሳህን ታስመጣልኛለች። እኔም የጎረቤቱን እየበላሁ የእሷን ወጥ እያሸተትኩ እውላለሁ፤ አፍንጫዬን እስላም፣ አፌን ክርስቲያን አድርጋ ያሳደገችኝ ሴት ናት።

ልጆቹ ይህን ለቀልድ አዋሉት። ከሁሉም የባሰው የልብ ጓደኛዬ ሰይድ ነው። “እናትህ ዘይነባ፣ አንገትህ ላይ ማተብ! አንተ የሌሊት ወፍ ነህ እንዴ? አይጥ ሲሉህ ወፍ፣ ወፍ ሲሉህ አይጥ?” አለኝ አንድ ቀን። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እማ ዘይነባ አላባበለችኝም፤ እጄን ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደችኝ። ወገበ ቀጭን ጥቁር ተርብ ከማሽላው ማሳ አረንጓዴ ትል ተሸክማ መጥታ፣ እንደ እንስራ አፍ ባለች ቀዳዳ ወደ ጭቃ ቤቷ ስታስገባ አየሁ።

“አየሃት ልጄ? ትሉን ታስገባና በሩን ትዘጋበታለች። ከዚያ ‘እኔን ምሰል፣ እኔን ምሰል’ እያለች ታንጎራጉርለታለች። በሩ ሲከፈት ትል የሚባል የለም። ተርብ ሆኖ ይወጣል።”

ከዚያን ቀን ወዲያ ጎሊና ላይ ውሃ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ፊቴ ውስጥ የእሷን ፊት እፈልግ ነበር። ለሰይድም ነገርኩት። ሳቀብኝ። “ትል ተርብ ሆነ? እስቲ እናያለን! ተርብ ከወጣ የዘይነባ ልጅ ነህ። ትል ከወጣ ግን ደጋህ ትመለሳለህ” ብሎ ፈረደ፤ እኔም ሞኝ ነኝና ተስማማሁ። አንዷን ጉብታ በቢላ ፈልቅቀን ጣሳ ውስጥ ጨመርናት፣ አፉን በነጠላ ቅዳጅ አሰርነው። ስንጠብቅ በየማለዳው ጆሮዬን ጣሳው ላይ እለጥፍ ነበር። ደጋ ማለት ለእኔ ብርድና የማላውቃቸው ሰዎች ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ጣሳው ውስጥ ጩኸት ሰማን። ሰይድ ጨርቁን ገለጥ አደረገ። ውስጥ ያለችው ትል አይደለችም። ጥቁሯ ወገበ ቀጭንም አይደለችም። አረንጓዴ ናት፣ ዘወር ስትል ሰማያዊ የምትሆን፣ የሙሽራ ሐር የለበሰች የምትመስል፣ ዐይተናት የማናውቅ ተርብ። “ይቺ ደግሞ የማን ናት?” አለ ሰይድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቅ አቅቶት።

ጣሳውን ይዘን ወደ እማ ዘይነባ ሮጥን። ተርቧን ለቀቀቻት፤ ጉብታዋን አነሣችና በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈረከሰቻት። ውስጧ እንደ ስንዴ ገለባ ያለ ስስ ደረቅ ቅርፊት ነበር። መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ እንደገና ቅርፊቱን።

“እማ፣ መሰለቻት ወይስ አልመሰለቻትም?” አልኳት።

ቅርፊቱን እፍ አለችውና “ሂዱ፣ ማሽላው ላይ ወፍ ወርዷል” አለችን።

በዚያው ሰሞን የአባቴ ወንድም አያ ገብሬ ከደጋ ወረደ። የወንድሙን ልጅ ሊወስድ ነው የመጣው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሕልም ዐይቶ አላስተኛ ብሎት ነው። ሽማግሌዎች ከሾላው ሥር ተቀመጡ። እኔ ይኸው ዛሬ ከሚፈርሰው ግድግዳ ጀርባ ተለጥፌ እሰማለሁ። አያ ገብሬ የአባቴን አባት፣ የአባቱን አባት እያለ ሰባት ቤት ቆጠረ፤ አቆጣጠሩ እንደ ውሃ ይወርዳል። ዋናው ሽማግሌ ወደ እማ ዘይነባ ዞሩና፣ “ሰውዬው አጥንት ቆጥሯል። አንቺስ የምትቆጥሪው አለሽ?” አሏት።

“የምቆጥረው የለኝም” አለች። “ከእኔ ግድግዳ የወጣ ግን የእኔ ነው። ማንንም ይምሰል።”

ሽማግሌዎቹ ስለ ቤቷ የተናገረች መሰላቸው። ዋናው ሽማግሌ ሳቁና፣ “ገብሬ፣ አንተ ሰባት ቤት ቆጠርህ፣ እሷ ባንድ ቤት ረታችህ!” አሉት። አያ ገብሬ ግን አልሳቀም። ጠርቶ አቀረበኝና አንገቴን ዳሰሰ፤ ማተቡ አዲስ ነበር።

“ይህን ማን ገመደለት?”

“እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን አለው?” አለችው።

ክሩን በጣቶቹ መሐል ይዞት ቆየ። በማግስቱ እማ ዘይነባ ማሽላ አሸክማው ብቻውን ተመለሰ። ሰይድም “አረንጓዴው” የሚል ስም አወጣልኝ፣ እስኪሞትም በዚያው ጠራኝ።

ይኸው እንግዲህ፣ ሰላም የወደቀችውን ጉብታ ስትፈረክስ ያ ሁሉ መጣብኝ። ስለ አረንጓዴዋ ጠየቅኳት። ትሉ ተርብ እንደማይሆን በቀስታ ነገረችኝ፤ ጭቃ ሠሪዋ ለልጇ ያስቀመጠችው ስንቅ ነው። “አረንጓዴዋ ግን ቤት አትሠራም አባባ። ሰው ቤት ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። የእሷ ልጅ የጭቃ ሠሪዋን ልጅ ይበላና ይወጣል። እይ፣ ከዚህችም ውስጥ ወጥታለች” ብላ መዳፏን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ላይ ያ እንደ ስንዴ ገለባ ያለ ቅርፊት ነበር። “የጭቃ ሠሪዋ ልጅ ቅሪት ነው።”

“ታዲያ ከማን ወገን ይቆጥሯታል?” አልኳት።

“ከራሷ ዘር ነዋ። ያደገችበት ቤት አይቆጠርም።”

እሷ ስለ ተርብ ነው የምትነግረኝ፤ እኔ የሰማሁትን አላወቀችም። እማ ዘይነባ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ያን ቅርፊት ዐይታዋለች፣ ዐይታም ወደ እኔ ዞራ ነበር። ገብቷት ነበር? ያን የሞተ ልጇን አስባው ነበር? ገብቷት ከሆነ፣ ያንን እፍ ብላ ሽማግሌ ፊት “የእኔ ነው” ለማለት ከየት አመጣችው? አልገባትም ነበር ብዬ ልረፍ እላለሁ፤ ደግሞ ያኔ የተመለከተችኝ ዐይን ይመጣብኛል። ሲነጋም ሲመሽም ባሰላስለው አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል። የምጠይቃት እሷ ከሞተች ቆየች፤ የሚያስታውሰው ሰይድም የለም።

“አባባ፣ ጨረስን!” አለኝ ልጄ አቧራውን እያራገፈ። ቀና ብዬ አየሁ። ግድግዳው በነበረበት የጎረቤት ቆርቆሮና ሰማይ ይታያል። ብሎኬቱ ደህና ነው፣ ምስጥ አይበላውም፤ ተርብም ቤት የምትሠራበት አይመስለኝም። ከእንግዲህ ሰው የማን ነህ ቢለኝ፣ በጣቴ የማሳየው ግድግዳ የለኝም።