የዙፋንን ጾም የበላንበት ዓመት

ዙፋን በሃያ ሁለት ዓመቷ ቅድስት ሆነች። የሾምናት እኛ ነን፤ ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የወረድን አርባ የቀን ሠራተኞች። ከመካከላችን አንድ ዲያቆን እንኳ አልነበረም፤ ሹመቱን ግን በፍጥነት ጨረስነው።

እሷ የመጣችው ልታበስልልን ነው። በሐምሌ አረም ስንጀምር ክብ ፊት ነበራት፤ ስትስቅ ትራክተሩ ድረስ ይሰማል። ፍልሰታ ገባ፤ ጾመች፣ እኛም ጾምን። ፍልሰታ ሲፈታ እኛ ፈታን፤ እሷ ግን "ትንሽ ልጨምር" አለች። ጳጉሜንን ጨመረች። ከመስቀል በኋላ የጽጌ ጾም ገባ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነውና እኛ አልፈቀድንም፤ እሷ ከነበረችበት ቀጠለች።

የሠራተኞቹ አለቃ ያረጋል፣ ካቦ የምንለው፣ መጀመሪያ "እህቴ" ይላት ነበር። ከዚያ "እማሆይ" አላት፤ ትንሽ ቆይቶም አንቱ አላት። ያረጋል ሰው አንቱ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ የእርሻውን ባለቤት እንኳ "ያ ዙል"፣ አንተ ሰውዬ፣ እያለ ነው የሚጠራው። ለአክብሮቱ ምክንያት ነበረው። አንድ ረቡዕ የሰባ ፍየል አገኘን። ፍየሉን አየነው፣ ዕለቱን አሰብነው፣ ተፋጠጥን።

"እማሆይ የሚጾሙት ለአንድ ሰው ይበዛል" ብሎ ፈረደ ያረጋል። "ትርፉ ለማን ይሁን? ለኛ ነዋ!"

አረድን። ጠብሳ ያቀረበችልንም ራሷ ዙፋን ናት። ጣቷን ሳትልስ ጨው የምትመጥን ወጥ ሠሪ ከእሷ በቀር አላየሁም። እኛ ስንጎርስ ቆማ እያንዳንዳችንን ታየን ነበር፤ "ትንሽ ልጨምርልህ?" ትላለች። እኔ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ዓርብ የሚባሉት ቀኖች ከእኛ ካምፕ ጠፉ።

ጥቅምት ላይ ቀሚሷ ከታላቅ እህቷ የተዋሰችው መሰለ። ሰው በላብ በሚሟሟበት ሐሩር ጋቢ ደርባ "በረደኝ" ትላለች። ያረጋል "ሥጋቸውን ንቀውታል" ብሎ ተረጎመልን። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ ራስ መነቅነቅ ምን ያደክማል?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አሲዳውን፣ የማሽላ ገንፎአችንን፣ ተሸክማ ስትመጣ ከሰሊጡ ነዶ አጠገብ ወደቀች። ሮጠን ደረስን። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያነሳነው አሲዳውን ነው።

ያረጋል ተንበረከከ። "እማሆይ፣ ምን ታየዎት? የአገራችን ጦርነት መቼ ያልቃል አሉዎት?"

"ምንም አልታየኝም" አለች በቀጭን ድምፅ። "ዞረብኝ።"

"ምስጢሩን አይናገሩም!" አለ ያረጋል ወደ እኛ ዞሮ፤ ኮፍያችንን አወለቅን።

የትራክተሩ ነጂ ኢድሪስ የአገሩ ሰው ነው፤ አማርኛውን ከእኛው ለቃቅሞታል። ሞተሩን አጥፍቶ መጣ። "እኛም ረመዳን እንጾማለን" አለ። "ግን ፀሐይ ትጠልቃለች፣ እንበላለን። የዚች ልጅ ፀሐይ መቼ ነው የምትጠልቀው? ኸላስ፣ በቃ! ሙስተሽፋ፣ ሐኪም ቤት!"

"እስላም የኛን ጾም ምን ያውቃል?" አለ ያረጋል። ኢድሪስ አልተከራከረም፤ አቅፎ ተጎታቹ ላይ አስተኛት። እኔም ዘልዬ ወጣሁ። አዝኜ ይሁን ከአጨዳው ለማምለጥ ዛሬም አላውቅም።

በስደተኞቹ ክሊኒክ የተቀበለችን ሄርመላ የምትባል ከትግራይ የተሰደደች የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። የዙፋንን ክንድ ይዛ የደም ሥሯን ምት ስትቆጥር ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ልቧ ደክሟል። እንዲህ ከቀጠለች ትሞታለች" አለችኝ።

"ጾም ላይ ሁና እኮ ነው" አልኩ።

"ጾም መፍቻ አለው። ይህ ሕመም ነው።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አንተን ሲርብህ አንጎልህ 'ብላ' ይልሃል፤ ምግብ ስታይ ደስ ይልሃል። የሷ አንጎል ረሃቡን ይሰማል፤ ግን ምግቡ ሲቀርብ ፍርሃት ይቀድመዋል። ካልበላች ትረጋጋለች፣ ከበላች ይጨንቃታል። ሰውነቷ በከሳ ቁጥር አንጎሏም ይራባል፤ የተራበ አንጎል ደግሞ ከያዘው ሐሳብ አይላቀቅም። እልህ አይደለም፣ ጽድቅም አይደለም።"

"እና ይርባታል?"

"እሷ እያለች እኔን ትጠይቀኛለህ?"

ዙፋን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ቀኑን ሙሉ የማስበው ምግብ ነው፣ ታምሬ" አለችኝ። "እናንተ ስትበሉ አፋችሁን አያለሁ። በሕልሜም አበስላለሁ። እጄን ወደ ሳህኑ ስሰድ ግን እሳት ውስጥ የምከት ይመስለኛል።" እኛ ትጸልያለች ስንል እሷ ስለ ወጥ ታስብ ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬ የተነሳ ኢድሪስ ላይ ጮኽኩበት፣ እሱ ምን አደረገኝ?

እዚያው አስተኟት። ሄርመላ፣ ረሃቧ ራሱ ብዪ ብሎ እስኪያዛት ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ እስከዚያ ስትበላ አጠገቧ ሰው ይቀመጥ አለች። እሑድ ዕለት ያረጋልን ይዤ ሄድኩ። አንድ ጠርሙስ ማር ይዞ፣ ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ። "እማሆይ" አለ እጅ ነስቶ፣ "ሰሊጡ እስኪታጨድ እንኳ ትንሽ ቢጾሙልን..."

ሄርመላ የያዘችውን የገንፎ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አጋጨችው። "ሰውዬ! ይህች ልጅ ልትሞትብህ ነበር! ለራስህ ጹም፣ ሆድ አለህ አይደል?" ያረጋል ማሩን እንዳቀፈ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ትርጓሜ ከየት ይመጣለት እንደነበር እንጃ፣ ያን ቀን አልመጣለትም።

ሳህኑ ዙፋን ፊት ተቀመጠ። ማንኪያው ላይ ያለው ገንፎ ለሕፃን አይበቃም። እኔ አላስችል ብሎኝ "ብይ እንጂ፣ ምን ይፈራል?" አልኩ፤ ሄርመላ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። ገንፎው ሊበርድ ደረሰ፤ እንባዋ አገጯ ላይ ወረደ። ከዚያ ጎረሰች። ዋጠች።

"ጎበዝ። አንድ ድገሚ" አለች ሄርመላ።

ዙፋን ማንኪያውን ሳትለቅ ያረጋልን አየችው።

"ካልበላሁ እሞታለሁ ብለውኛል" አለችው። "ከበላሁ ግን እንደ ማንም ወጥ ሠሪ ነኝ። ያኔስ ታዩኛላችሁ?"

እናይሻለን ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር። ያረጋል ጠርሙሱን አየ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ።