ልጄ ከተቀበረ በኋላ የተናገረው

ልጄ አሊ አዲስ አበባ በራዲዮ የሚናገር የታወቀ ሰው ነበር። ሥራው ከአባቶቹ ልማድ የወጣውን ሁሉ መገሠጽ ነበር። ታሞ ወደ ጨፋ መጣና ቤቴ ውስጥ ሞተ። አጥቤና ከፍኜ የቀበርሁት እኔው ነኝ።

በማግስቱ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ቀን ነበር። የምሸጠው በሬ ስለነበረኝ ገመዱን እንደያዝሁ ወደ ለቅሶው ዳስ ገባ ብዬ፣ "ይበቃል፤ ወደየሥራችሁ ሂዱ" አልኋቸው።

"ኧረ አላህን ፍራ! አፈሩ እንኳ አልደረቀም" አለች ሚስቴ ከቤት ውስጥ።

ነጋዴው ጎረቤቴ ይመር ራዲዮኑን ይዞ መጥቶ ነበር። "አያ ይማም፣ ትንሽ ታገሥ። መሞቱን ዛሬ በራዲዮ ይናገራሉ ሲባል ሰምቻለሁ" ብሎ ከፈተው።

የተናገረው ግን አሊ ራሱ ነበር። ጉሮሮውን ሲጠርግ ገና አወቅሁት። ያን ጊዜ የሰው ድምፅ ተቀድቶ እንደሚቀመጥ ማናችንም አናውቅም ነበር።

"የዛሬ ሰው" አለ አሊ፣ "ልጁን ቀብሮ በማግስቱ በሬ ሊሸጥ ይወጣል።"

"ያ አላህ!" አለ ይመር። ሊዘጋው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ገመዱን ለቀቅሁና ተቀመጥሁ።