ጥለቱ አንገት ላይ የዋለ ዕለት

ወርቅአፈራሁ ወጥ ዐዋቂ፣ ደግ፣ ለሳቅም ቅርብ የሆነች ሴት ነበረች። አንድ ነገር ብቻ አልሆነላትም፤ ፈትል። እንዝርት ስትይዝ ክሩ አንድ ቦታ የፈረስ ጭራ፣ አንድ ቦታ የሸረሪት ድር ይሆንባታል። ሸማኔው እንኳ አንድ ጊዜ ልቃቂቷን ተቀብሎ፣ "ይኼን ልሸምነው ወይስ በቅሎ ልሰርበት?" ብሏታል።

ሴት በፈትሏ በምትለካበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤቷ እትዬ ለተክርስቶስ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። በጊዮርጊስ ዙሪያ በፈትል እሳቸውን የሚስተካከል የለም። የሰው ፈትል ሲያዩ በሁለት ጣት ያነሡና፣ "መቼስ፣ ጥጥ ነው" ብለው መልሰው ያስቀምጡታል። ወርቅአፈራሁ ይህቺን "መቼስ፣ ጥጥ ነው" ዐሥራ አንድ ዓመት ሰምታታለች። ከእኚህ ሴት አፍ ስለ እጇ ሥራ አንዲት በጎ ቃል ብትሰማ ሌላ የምትለምነው ነገር አልነበራትም።

ሹራብ ሥራ የጀመረችውም ይህንኑ ምኞት ይዛ ነው። ከአጥሯ ጀርባ የሚኖረው የአርመኑ ልብስ ሰፊ ሚስት ማዳም አራክሲ ሁለት ረጃጅም የብረት መርፌዎች ሰጥታ አስተማረቻት። እንዝርት የጠላው እጇ መርፌውን ወደደው። ምድር ባቡሩ ከገባ ወዲህ በአራዳ ሱቆች የማይመጣ የፈረንጅ ዕቃ አልነበረምና፣ አንድ ቀን ማዳም አራክሲ አንድ የሱፍ ክር ድቡልቡል ይዛላት መጣች።

ክሩ በቀይ ተጀመረ። ወርቅአፈራሁ ስንዝር ሳትሠራ ወደ ቢጫ አደላ፤ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ፤ ከዚያ እንደገና ቀይ። ድቡልቡሉን አገላብጣ ቋጠሮ ፈለገች፤ የለም። ደንግጣ አጥሩን ዞረች።

"ማዳም፣ ይኼ ክር በሽተኛ ነው!"

"ዝም ብለሽ ሥሪ" አለቻት ማዳም አራክሲ እየሳቀች። "ጥለቱን ራሱ ይጥላል።"

እውነትም ራሱ ጣለው። ከዚያ ወዲያ ወርቅአፈራሁን ከመርፌው የሚያላቅቃት ጠፋ። "አረንጓዴው እስኪመጣ" ትላለች፤ አረንጓዴው ሲመጣ "ሰማያዊውን ብቻ ልየው" ትላለች። በዚህ መሀል ሁለት ቀን ሽሮ አረረ። አንዲት የሹራብ ዓይን ከመርፌው አምልጣት ዐሥራ ሁለት መስመር የተረተረች ቀን ደግሞ እራትም አልነበረም። ባሏ አቶ ሐድጉ ምንም አላሉም። ሊሉም አይችሉም ነበር። ነገረ ፈጅ ናቸው፤ በሕዳር ብርድ ሦስት ቀን ሙሉ ችሎት ቆመው ሲሟገቱ ድምፃቸው ጭራሽ ተዘግቶ፣ ጉንፋን ጠምዶ ይዟቸዋል።

ስትሠራው የሰነበተችው የአንገት ልብስ ቅዳሜ አለቀ። እሑድ በጠዋት ወርቅአፈራሁ በባሏ ነጭ ኩታ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠመችላቸው።

"ጊዮርጊስን ተሳልመው ይምጡ። እትዬ ለተክርስቶስ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አይጠፉም፤ በእሳቸው በኩል ቀስ ብለው ይለፉ።"

አቶ ሐድጉ በጣታቸው አፍንጫቸውን አሳዩ።

"የአንገት ልብሱ ለጉንፋን አይደለም እንዴ!" አለችና ወደ በሩ ገፋ አደረገቻቸው። እሷ አብራ ብትሄድ የምትኩራራ ይመስልባታል ብላ ቀረች።

ያላሰበችው ነገር ይኼ ነው፤ ኩታ በደህና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይውላል። ዘቅዝቆ ጥለቱን አንገቱ ላይ ያዋለ ሰው ሐዘን ላይ ነው፤ ይህን የአራዳ ሰው ከሩቅ ያነበዋል። አቶ ሐድጉ ደግሞ አንድ ጥለት አይደለም፣ ሃያ ጥለት አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሱ።

"ሐድጉ! ምነው? ማን ሞተ?" አሉ ወዳጃቸው አቶ ዓምደሚካኤል እየሮጡ መጥተው።

አቶ ሐድጉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ የለም። ጥለቱን ነኩ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ዘረጉ። ሚስቴ ናት የሠራችልኝ ማለታቸው ነበር።

"ወርቅአፈራሁ? መቼ? ዛሬ?"

የጠመጠመችላቸው ዛሬ ነውና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ድምፁ እስኪዘጋ አልቅሷል፣ ምስኪን!" አለች አንዲት ሴት፤ ከዚያ በኋላ ማንም የሚያቆመው አልነበረም። አቶ ሐድጉ እጃቸውን ቢያወናጭፉ፣ "ያዙት፣ ራሱን እንዳይጎዳ" ተባለና በግራ በቀኝ ተይዘው፣ በእዬዬ ወደ ቤታቸው ተወሰዱ። ዕድሜ ልኩን በአፉ ያደረ ሰው የሚስቱን በሕይወት መኖር ማስረዳት አቃተው።

ወርቅአፈራሁ እዬዬውን ከቤት ሆና ሰማች። ማን ሞተ ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደ በሩ ሮጠች። እጇ የበሩ መወርወሪያ ላይ እንዳለ የገዛ ስሟን ሰማች። ከሁሉ ድምፅ በላይ የእትዬ ለተክርስቶስ ድምፅ ነበር።

"ወርቅአፈራሁ! ወየው እጀ መልካሟ! ፈትልሽ ሐር የሚያስንቅ! አገሩን ያለበስሽው!"

በፈትሏ አገሩን ቀርቶ ባሏን አልብሳ አታውቅም። ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም እንባዋ መጣ። መወርወሪያውን ሳትስብ ትንሽ ቆየች። እትዬ ለተክርስቶስ ደረታቸውን እየደቁ ስለ ልቃቂቷ ማማር ሁለት ዙር ደገሙ። ሦስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ በሩን ከፈተችው።

አቶ ዓምደሚካኤል አማተቡ። ሴቶቹ ጮኸው ወደ ኋላ ተተራመሱ። ቀድመው ልባቸው የተመለሰላቸው እትዬ ለተክርስቶስ ነበሩ።

"አለሽ?"

"አለሁ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ስናገር ለምን ዝም አልሽ?"

"ፈትሌን እያመሰገኑ ነበር፤ ላቋርጥዎ አልቻልሁም።"

"እሱን ሰርዢው" አሉ እትዬ ለተክርስቶስ እንባቸውን እየጠረጉ። "ለሞተ ሰው የተባለ ነው።"

ደጁ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ሁሉ ሲብራራ እትዬ ለተክርስቶስ የአንገት ልብሱን ከአቶ ሐድጉ ላይ ፈቱትና በአውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት።

"ቀለሙን የቀጠልሽበት የታለ? ቋጠሮ የለውም!"

ወርቅአፈራሁ እጄ ነው ብትል የሚያጋልጣት አልነበረም።

"ክሩ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው፣ እትዬ። የቀያየርሁት እኔ አይደለሁም። የኔ መርፌው ብቻ ነው።"

"እስቲ መርፌውን አምጪው።"

እትዬ ለተክርስቶስ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዙት። ወርቅአፈራሁ አንድ መስመር አሳየቻቸው። ሲሞክሩት መጀመሪያ ሁለት ዓይን አመለጣቸው፤ ቀጥሎ ክሩ አውራ ጣታቸውን አሰረው፤ በሦስተኛው አንዱ መርፌ ከእጃቸው ወደቀ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ መርፌዎቹን ሰብስበው መለሱላት።

"ይኼ እጅ ይጠይቃል፣ ልጄ። የኔ እጅ አልቻለውም።"

ወርቅአፈራሁ ለእንግዶቹ የሚቀመስ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ግን እንባዋን ስትጠርግ ቶሎ አልወጣችም። ሊቀብሯት የመጡት ሰዎችም ሳይቸኩሉ ጠበቋት።