የነብሩ ግንባር

ልጅ ሳለሁ የጠመንጃን ቃላት ሁሉ የተማርኩት ጠመንጃ በእጄ ሳልነካ፣ ከአጎቴ ከአያ ካሴ አፍ ነው። አፈሙዝ የቱ እንደሆነ፣ ሰደፍ በየትኛው ትከሻ እንደሚያርፍ፣ ቃታ እንዴት እንደሚሳብ፣ ጥይት ሲከሽፍ ምን ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ይህን ሁሉ ፊደል በቅጡ ሳልለይ አውቀው ነበር። ዛሬም አልረሳሁትም። ቃላቱን ባነሳሁ ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል፤ ለምን እንደሚፈላ ልንገራችሁ።

አያ ካሴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ቤታቸው ከገነተ ማርያም ብዙ ሳይርቅ፣ ከገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ለትምህርት ቤት ስለሚቀርብ አባቴ እዚያ አስቀመጠኝና ከልጃቸው ከሲሳይ ጋር አብረን አደግን። ያኔ በላስታ ብርድ፣ በተለይ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ፀሐይ ጥልቅ ስትል ሁላችንም ወደ እሳቱ እንሰበሰብ ነበር። የወይራው ፍልጥ ይንጣጣል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያስነባዋል፣ የኩራዟ ብርሃን በግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው የነብር ለምድ ላይ ይወዛወዛል። አያ ካሴ መደቡ ላይ፣ ከለምዱ ሥር ይቀመጣሉ። ሚስታቸው እትዬ ስንዱ ደግሞ ከበሩ በኩል፣ ብርዱ ከሚገባበት፣ ባዘቶዋን በጉያዋ ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች። እሳቸውን አንቱ፣ እሷን አንቺ ነበር የምንለው። ይሄ ራሱ ዛሬ ያናድደኛል።

ተረቱ ሁሌም በጥያቄ ነበር የሚጀምረው። «አፈሙዝ የቱ ነው?» ይላሉ፣ የከዘራቸውን ጫፍ ወደ ጣሪያው አንስተው። እናሳያለን። «ሰደፍስ?» እናሳያለን። «ማነጣጠርና መተኮስ አንድ ናቸው?»

«አይደሉም!» ብለን እንጮሃለን።

«ጎሽ! መተኮስማ ማንም ይተኩሳል። ማነጣጠር ግን እንደ ካሴ ነው!» ይሉና ወደ ነብሩ ይሻገራሉ።

ነብሩ፣ እንደ እሳቸው አነጋገር፣ አገር ያስለቀሰ ነበር። ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ እየወጣ የማንንም ፍየል በልቶ አይጠግብም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጋጣው ዘሎ ሲገባ አያ ካሴ ምንሽራቸውን አንስተው ወጡ። ነብሩ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። «ዘለለብኝ! እኔ ንቅንቅ? ላሊበላን! ንቅንቅ አላልኩም። በአየር ላይ እንዳለ ግንባሩን፣ እዚህ ላይ፣ በሁለቱ ዓይኖቹ መሀል በረቀስኩት!» ከዘራቸውን ደግነው ቃታ ይስባሉ፤ እኛ ልጆቹ «ድው!» እንላለን። ሲሳይ ብድግ ብሎ «የካሴ ልጅ! የአይስቴው ልጅ!» እያለ ይፎክራል። እኔም ከእሱ አላንስም ነበር፤ በመጥረጊያ እጀታ ስንት ነብር እንደገደልኩ እግዜር ይወቀው።

በእኛ አገር ነብር የገደለ እንዲሁ እንደማንም ሰው አይታይም። በዕለቱ ራሱን ቅቤ ይቀባል፣ ሠርግ ሲሄድ ከፍ ካለው ቦታ ይቀመጣል፣ ሲሞት ደግሞ ለምዱ በአስከሬኑ ላይ ተዘርግቶ ጥይት ይተኮስለታል። አያ ካሴ ይህ ክብር ሙሉ በሙሉ ነበራቸው። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ሁሉ፣ ኢላማ የማይስቱ ናቸው ሲል፣ «እንደምን ዋሉ አይስቴው!» ብሎ ነበር እጅ የሚነሳቸው።

አንድ ዓመት የጎረቤት ሠርግ ደረሰና አያ ካሴ ለምዱን ደርበው ሊሄዱ ፈለጉ። እትዬ ስንዱ ከግድግዳው አወረደችው፣ አቧራውን አራገፈች፣ ቆዳው እንዳይደርቅ ቅቤ እንዳስነካው ለእኔ ሰጠችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ፀሐይ ላይ ዘረጋሁትና ያን ዝነኛ ግንባር ፈለግኩ። ጣቴን በሁለቱ ዓይኖች መሀል አስኬድኩት። ምንም የለም። ጠጉሩ እንኳ አልተነካም። ጥይቱ የገባበት ቀዳዳ ከግራ ብብቱ ኋላ ነበር፤ ትንሽዬ፣ ክብ፣ ጣቴን ልክክ አድርጋ የምታስገባ።

ተንኮል አልነበረኝም፤ ይህን እመኑኝ። ማታ አያ ካሴ «በረቀስኩት!» ሲሉ ነገሩ ግራ ስለገባኝ ብቻ፣ «አያ፣ ግንባሩ እኮ ደህና ነው። ቀዳዳው ብብቱ ሥር ነው» አልኩ።

የእትዬ ስንዱ እንዝርት ቆመ።

«ቆዳው ሲለፋ ተሰፍቶ ነው!» አሉ አያ ካሴ።

እኔ ሞኟ ደግሞ፣ «ስፌት የለውም እኮ አያ፤ በጣቴ ዳስሼዋለሁ» አልኳቸው። የዝንብ ማባረሪያ ጭራቸው ጉንጬን ሲለበልበኝ ነው የነቃሁት። «ምላሳም! በሰው ግዳይ ጣትሽን የምትከቺ! ውጪልኝ ከፊቴ!» ደጅ ቆሜ እንባዬን ስጠርግ ተረቱ ከውስጥ ቀጠለ። ነብሩ እንደገና ዘለለ፣ ግንባሩም እንደገና ተበረቀሰ። ሲሳይ ብቻውን «ድው!» ሲል ሰማሁት።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ስንዱ ፍየሎቹን ልታልብ ጋጣው ስትገባ ጠራችኝ። የተለበለበውን ጉንጬን በቅቤ እያሸች ቆየችና፣ «ልክ ነሽ» አለችኝ። «ብብቱ ሥር ነው የተመታው።»

«አያ ካሴ ታዲያ ለምን ግንባሩን ይላሉ?»

«አያሽ አላዩማ። የመታሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። እያለበች፣ ቀና ሳትል፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ነበር የምትመስለው። «አያሽ ያን ቀን ላሊበላ ገበያ ወርደው ነበር። ፍየሎቹ ሲጮሁ ወጣሁ፤ ነብሩ አንዷን አንቆ ይዟል። ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረድኩ። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ገብሱን ከጭላዳ እንድጠብቅለት ማማ ላይ አውጥቶ፣ ቅል ኢላማ እየሰቀለ ያለማመደው እኔን ነው። አፈሙዙን ከካቡ ድንጋይ ላይ አሳረፍኩት፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ነብሩ ፊቱን ወደ ፍየሏ አድርጎ ነበር፤ ያገኘሁት ጎኑን ነው። ግንባሩን አዙሮብኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔም አልኖር።»

ደግሞ የፍየሏን ጡት በጣቶቿ ይዛ አሳየችኝ። «ቃታም እንደሳቸው ተጎትቶ አይሆን። እንዲህ ነው፣ ቀስ አርገሽ ጨመቅ። ከነጠቅሽው ትስቻለሽ።» ወተቱ ቀጥ ብሎ ከማለቢያው ገባ።

«ታዲያ አያ ካሴ እንዴት…?»

«ከገበያ ሲደርሱ ጠመንጃውን እንደያዝኩ አገኙኝና ተቀበሉኝ። ወዲያው የማዶው ሰው ተኩስ ሰምቶ ግልብጥ ብሎ መጣ። ነብሩን አየ፣ ጠመንጃውን በእሳቸው እጅ አየ። አንዱ ‹ካሴ ገደለ!› አለ። ቅቤ አምጡ ተባለ። አሁን ‹ኧረ እኔ አይደለሁም› ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰጡ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ቅቤውን ከጓዳ ያወጣሁት እኔው ነኝ።»

«እኔ ነኝ አትይም ነበር?» አልኳት፤ አልቅሼባት ነበር።

«ባሌን በሰው ፊት ውሸታም ብዬ የት ልገባ? ሲሳይም ያኔ በሆዴ ነበር። ይኸው አሁን በአባቱ ስም ቀና ብሎ ይሄዳል። እንዳትነግሪው። በሞቴ!»

በሞቴ አለችኝና ዝም አልኩ። ግን ዝም ማለት መርሳት ነው እንዴ? ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ተረቱ በተነሳ ቁጥር ዓይኔን ፍሙ ላይ ተክዬ ጥርሴን እነክስ ነበር። እሳቸው ያነጣጥራሉ፣ እሷ ትፈትላለች። የሰው ልብ ይህን ያህል ይደርቃል? የሚስቱን ጥይት፣ እዚያው ሚስቱ ፊት፣ ሚስቱ በፈተለችው ጋቢ ተጀቡኖ! ድምፃቸው አንድ ማታ እንኳ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። እንዲያውም ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ነብሩ እየገዘፈ ሄደ።

አያ ካሴ ሲያርፉ እኔ አግብቼ ላሊበላ ከተማ ገብቼ ነበር። ለለቅሶው ደረስኩ። ለምዱ በአስከሬናቸው ላይ ተዘርግቷል፣ ጠመንጃ ያነገተው ሁሉ ጥይቱን ወደ ሰማይ ያንጣጣዋል፣ አልቃሿ «ግንባር በርቃሹ» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። እትዬ ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ነጭታ ከኋላ ትከተላለች። ከልቧ ነበር የምታለቅሰው፤ እኔን ደግሞ ይሄ የባሰ አበገነኝ።

አምና እሷም ሄደች። መርዶው ሲደርሰኝ መንገዱን በምን እንደጨረስኩት አላውቅም። በሞቷ ያስማለችኝ ሴት ሞታለች፤ ከእንግዲህ የምጠብቀው ቃል አልነበረኝም። እንደደረስኩ ሲሳይን ከለቅሶው ነጥዬ ወሰድኩት። አሁን የልጆች አባት ነው፣ የአባቱን ምንሽር አንግቷል፣ አገሩም «የአይስቴው ልጅ» ነው የሚለው።

«ጥይት ይተኮስላት» አልኩት።

«ለእማዬ? በምን ደንብ?»

«በነብር ገዳይ ደንብ።» ነገርኩት። ጋጣውን፣ ካቡን፣ ገበያውን፣ ቅቤውን፣ ሁሉንም።

ፊቱ ጠቆረ። «እናቴን በሬሳዋ ላይ የሰው መሳቂያ ልታደርጊብኝ ነው የመጣሽው?» አለኝ። በአጠገባችን የቆሙት ወንዶች ሰሙ። አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ሌላው፣ «ደግሞስ እመት፣ በዚህ ጊዜ ምን ተኩስ አማረሽ? ሰው ድምፁን ሲሰማ በሩን ዘግቶ ነው የሚደበቅ» አለኝ። እውነቱን ነው። ያኔ ተኩስ ስንሰማ ሠርግ ነው፣ ለቅሶ ነው ብለን ወደዚያ እንሮጥ ነበር፤ ዛሬ ከእሱ ነው የምንሸሸው። ግን በዚያው ሰሞን፣ ዕድሜውን ሙሉ ቆቅ እንኳ ላልመታ ለአንድ ሌላ ሽማግሌ ለቅሶ ሲያንጣጡት ነበር። በሩን የሚዘጋው ሰው ለሱ ጊዜ የት ሄዶ ነበር?

ቤት ገባሁ፣ ለምዱን ከግድግዳው አወረድኩ፣ በቃሬዛው ላይ በአስከሬኗ ላይ ዘረጋሁት። ያቺ ትንሽዬ ቀዳዳ ወደ ላይ እንድትሆን አድርጌ ነው የዘረጋሁት።

«አንሺ!» ሲሳይ ተንደርድሮ መጣና የለምዱን ጫፍ ያዘ። «የአባቴ ግዳይ ነው!»

«ግንባሩን እይ!» አልኩት፤ እየጮህኩ ነበር። «አንተም ያን ማታ ነበርክ። እስቲ ግንባሩን እይ!»

ይሄኔ ከሴቶቹ መሀል አንዲት መነኩሴ ተነሡ፤ እማሆይ ይባላሉ፣ የጎን ቤት ጎረቤታችን ናቸው። እየተንገዳገዱ መጡና የሲሳይን ክንድ ያዙ። በሌላው እጃቸው ለምዱን ዳሰሱት፤ ዓይናቸው ደክሟል። ቀዳዳዋን ሲያገኟት ጣታቸውን አስገቡ።

«ተው ልጄ» አሉት። «ይቺ ጥይት ስትጮህ እኔ ደጄ ላይ ባቄላ እለቅም ነበር። አባትህ ገበያ ነበሩ። ስንዱ ናት።»

«እኔም ከምንጭ ስመለስ ጠመንጃውን ይዛ ቆማ አይቻታለሁ» አሉ ሌላዋ አሮጊት ከተቀመጡበት።

«አዎ፣ ስንዱ ናት» አሉ ሦስተኛዋ፤ የሰማው ሰው ዘወር ዘወር አለ። ሲሳይ ለምዱን ለቀቀው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የመጣብኝን ንዴት በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። ያውቁ ነበር! ሁሉም ያውቁ ነበር! እነዚህ ሴቶች በየሠርጉ ለአያ ካሴ እልል ብለዋል፣ በየማኅበሩ ያን ነብር ሲዘል ሰምተዋል፣ በለቅሷቸው ላይ ከአልቃሿ ጋር ደረታቸውን ደቅተዋል። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አላችሁ?» አልኳቸው፤ መነኩሴ ፊት መቆሜንም ረሳሁት።

እማሆይ ጣታቸውን ከቀዳዳዋ አወጡ። «ማን ጠየቀን?» አሉኝ።

ጥይት አልተተኮሰም። ለምዱ ግን በላይዋ ላይ እንደተዘረጋ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደች። ሲሳይ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ፣ በሐዘን ደንብ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ከኋላዋ ተከተለ። ከዚያ በላይ አላደረገም። እኔንም እስከ ዛሬ አላነጋገረኝም።

ከዚያ ሁሉ ጭስ፣ ከዚያ ሁሉ ፍም የተረፈኝ ምንድን ነው እያልኩ አስባለሁ። ቃላቱ ተርፈውኛል። ላሊበላ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሼ ልጆቼን እሰበስብና አፈሙዝ የቱ እንደሆነ፣ ሰደፍ የት እንደሚያርፍ እጠይቃቸዋለሁ፤ ይሄን ያገኘሁት ከአያ ካሴ ነው፣ አልክድም፤ አንቱታቸውንም አልነፍጋቸውም። ቃታ እንዴት እንደሚያዝ ሳሳያቸው ግን ጣቶቼ ያን ጠዋት ጋጣው ውስጥ ያየሁትን ነው የሚያደርጉት። ልጆቼ «ድው!» ማለት ይወዳሉ፤ ልክ እንደኛ። ነብሩን ማን ገደለው ብለው እስኪጠይቁኝ ግን አልጠብቅም። ነብሩ ገና ከዋሻው ሳይወጣ፣ ገና ሻማውን እየለኮስኩ፣ የገደሉት እትዬ ስንዱ ናቸው እላለሁ፤ አንቱ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።