የሶዶው ቤት ርክክብ

ቦዲቲ ስሠራ አከራዬ እኔ ከመግባቴ በፊት የተሰነጠቀውን የመስኮት መስታወት «አንተ ነህ የሰበርከው» ብለው ድርቅ አሉብኝ። ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

ስለዚህ ወደ ሶዶ ተዛውሬ ኦቶና አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ስከራይ፣ ፍራሼን ሳላስገባ ስልኬን አወጣሁ። የግድግዳውን ጭረት፣ የኮርኒሱን እድፍ፣ የበሩን እጀታ፣ ምስማሮቹን ሳይቀር አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ።

አዲሷ አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ይኼ ሁሉ ለምንድን ነው?» አሉ።

«ስወጣ ቤቱን እንደተረከብኩት ለማስረከብ ነው፣ እማማ» አልኩ ኮራ ብዬ።

የራሳቸውን ስልክ አምጥተው እኔን ከእግር እስከ ራሴ አንድ ፎቶ አነሱኝ። ጠርጣራ ሴት ናቸው ብዬ ተናደድኩ። እኔ ግን ጠርጣራ አልነበርኩም፤ ጠንቃቃ ነበርኩ።

ሁለት ዓመት ኖርኩ። ምግብ የሚያመጡልኝ ለጊፋታ በዓል ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በየሰበቡ በቅቤ የራሰ ቆጮ ይዘው ይመጣሉ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆንም ከበሩ ንቅንቅ አይሉም። «ጠገብኩ» ካልኩ ይቀየሙኛል።

የምለቅ ዕለት ፎቶዎቼን እያሳየሁ ቤቱን አብረን ዞርን። አንድ ምስማር አልጎደለም።

«አዩ እማማ? እንደተረከብኩት!»

እሳቸውም ስልካቸውን አወጡ። ፎቶው ላይ ሱሪው እንዳይወልቅ ቀበቶውን ጥብቅ ያደረገ አንድ ቀጫጫ ሰው ቆሟል። ፎቶውን አዩ፣ ሆዴን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናትህን ይቅርታ በልልኝ፣ ልጄ። እኔ እንደተረከብኩህ ማስረከብ አልቻልኩም።»