በረኪና የሚሸተው ጸሎት ቤት

ባለፈው መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንዷ ባለ ሱቅ በረኪና ደፋችና እኔ ከነዘንቢሌ ቆሜ ቀረሁ። ይኸውላችሁ፣ የእኛ ጸሎት ቤት የሚሸተው ልክ እንዲህ ነበር።

ዓረብ ሀገር በየአርቡ በተከራየናት አንዲት ክፍል እንሰበሰብ ነበር። ሁላችንም የሰው ቤት ሠራተኞች ስለነበርን እጃችን ከነበረኪናው ይመጣል። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አንዷ ስታማትብ ሦስቱን በጥፊ ትመታ ነበር። ከበሮአችን በፎጣ የተጠቀለለ ጀሪካን ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ስንዘምር ትንኝ ትበልጠን ነበር። መስኮቱን በጋረደው ብርድ ልብስ በኩል ብርሃኑ እንደ ሻይ ቀልቶ ይገባል።

ግማሾቻችን ደላላው ፓስፖርት ላይ ባጻፈልን በሙስሊም ስም ነው የሄድነው። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ጸሎት የሚመሩት የአቀስታዋ እትዬ በክርስትና ስማችን ያነሱናል። ያን ቀን ብቻ ነበር እኛ እኛን የምንሆነው።

አዲስ የመጣችው የወግዲዋ ልጅ ዓይነ አፋር ነበረች። አንድ አርብ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"የክርስትና ስሜ ያስቃል፤ ላንቺ ብቻ ልንገርሽና ለእትዬ ንገሪልኝ።"

"ጆሮዬ ዛሬ ዝግ ነው፤ ለሚመጣው አርብ ቀጠሮ ያዢ!" አልኳት።

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

በቀጠሮው አርብ አልነበረችም። በሳምንቱ መካከል ታማ ሞታ፣ በፓስፖርቷ ስም ተቀብራለች።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። "ያገርሽ ልጅ አይደለች? በማን ስም እንጸልይላት?"

ሁሉም አፍ አፌን አዩኝ። "ወለተ ማርያም" አልኩ። ከራሴ ፈጥሬ ነው። እስከ አርባዋ በዚያ ስም አለቀሱላት። ብዙም ሳይቆይ አከራዩ ነቅቶብን አስወጣን፤ የጸሎት ቤታችን ታሪክ በዚሁ አለቀ። እኔ ግን እስከ ዛሬ፣ ሰው መሃል ስስቅ፣ ጆሮዬ ሥር ትንፋሽ ይሰማኛል።

ሀገሬ ከገባሁ በኋላ፣ አምና የልጅቷ እናት ከወግዲ ድረስ ፈልገውኝ መጡ።

"አብረሻት ነበርሽ አሉኝ። በክርስትና ስሟ ጸለያችሁላት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"በገዛ ስሟ?"

"በገዛ ስሟ።"

"አብሽሪ ልጄ፤ እንግዲህ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

ያን ስም ከሳቸው በቀር የሚነግረኝ የለም። እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ተጠግቼ፣ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ።

"መንገዱ ሩቅ ነው እማማ" አልኳቸው፤ "ውሃ ይዘዋል?"